ዋናውን ቅጂ ሳንነካ፦ የዲጂታል ፎቶግራፍ እርማት ለጀማሪዎች

(በደብረ ሲና ከተማ በተካሄደው የፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ከሙያዬ ከፊዚክስ የራቀ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ፎቶግራፍ ከመነሻው እስከ መድረሻው የብርሃን ጉዳይ ነው፤ ብርሃንን ደግሞ ለረጅም ዓመታት አስተምሬአለሁ። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ካሜራ በኪሱ ያልያዘ ጥቂት ነው። ሁላችንም እናነሣለን፤ ብዙዎቻችንም ያነሣነውን «እናሳምራለን»። ስናሳምር ምን እንደምናደርግና ምን እንደምናጠፋ ግን የሚነግረን ሰው ብዙም የለም። እኔም ይህን የተማርሁት ካጠፋሁ በኋላ ስለሆነ፣ በራሴ እጅ በፈጸምሁት ስሕተት ልጀምር።

አባቴ በሕይወት ሳሉ የተነሡት አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። እርሳቸው ሲያርፉ ሕፃን ስለነበርሁ መልካቸውን የማውቀው ከዚያች ወረቀት ነው። ወረቀቷ ለዓመታት ታጥፋ በመኖሯ መሐሏ ላይ ተሰነጣጥቃ፣ ጠርዟም ተበልቶ ነበር። ከዓመታት በፊት፣ እርማት መለማመድ በጀመርሁበት ሰሞን፣ ስካን አደረግኋትና አንድ ሌሊት ሙሉ ተቀምጬ ስንጥቁን ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋሁ። የታረመውን ምስል በዚያው ስም፣ በዋናው ፋይል ላይ አስቀመጥሁት። ወረቀቷን ለታላቅ እኅቴ መለስሁላቸው፤ በቀጣዩ ክረምት ጣራቸው አፍስሶ ከሌሎች ሰነዶች ጋር ተበላሸች። እኔ ግን «ምስሉ በኮምፒውተሬ አለ» ብዬ አልተጨነቅሁም። አሳትሜ፣ በመስተዋት ፍሬም አስገብቼ፣ ለእናቴ ወሰድሁላቸው። እናቴ ብዙ ጊዜ ወስደው ተመለከቱት። ከዚያም ጣታቸውን በግራ ቅንድቡ ላይ አሳርፈው፣ «ምልክቱንስ የት አደረግኸው?» አሉኝ።

የወረቀት ስንጥቅ መስሎኝ ያጠፋሁት ቀጭን መስመር፣ አባቴን በልጅነታቸው በሬ ወግቷቸው የቀረ ጠባሳ ነበር። ያን ጠባሳ የያዘ ምስል ዛሬ የለም። ወረቀቷም የለችም፤ የመጀመሪያው ፋይልም የለም። ዛሬ የምነግራችሁ ደንብ ሁሉ እናቴ ለጠየቁኝ ጥያቄ ዘግይቶ የተገኘ መልስ ነው።

ዲጂታል ፎቶግራፍ ምንድን ነው?

ዲጂታል ፎቶግራፍ የቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው። አንድ ስልክ «12 ሜጋፒክስል ነው» ሲባል፣ የሚያነሣው ምስል ለምሳሌ በአግድም 4,000፣ በቁመት 3,000፣ በጠቅላላው 12 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ ሦስት ቁጥሮችን ይይዛል፤ እነርሱም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠኖች ናቸው። በተለመደው የጄፔግ ፋይል እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ሦስቱም 0 ሲሆኑ ነጥቡ ጥቁር፣ ሦስቱም 255 ሲሆኑ ነጭ ይሆናል። እንግዲህ ፎቶግራፍ ማረም ማለት እነዚህን ቁጥሮች መለወጥ ነው።

ከዚህ ቀላል እውነት አንድ ከባድ ውጤት ይከተላል። የአንዲት እናት ነጠላ በፎቶግራፉ ላይ ሁለት ዓይነት ነጥቦች አሉት እንበል፤ የክሩ ነጥብ 250፣ የእጥፋቱ ጥላ ነጥብ 240። ብርሃኑን በ20 ብንጨምር ሁለቱም ከ255 ማለፍ ስለማይችሉ ሁለቱም 255 ይሆናሉ። ኋላ ተጸጽተን በ20 ብንቀንስ ሁለቱም 235 ይሆናሉ እንጂ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አይመለስም። ነጠላው ከእንግዲህ ክርም እጥፋትም የሌለው ልሙጥ ነገር ነው። ይህ ፋይል ከተቀመጠና ፕሮግራሙ ከተዘጋ በኋላ የጠፋውን የሚያስታውስ ማንም የለም።

ከሁሉ በፊት ቅጂ

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማረም ሳይሆን መቅዳት ነው። በስልካችሁም ሆነ በኮምፒውተራችሁ ሁለት ፎልደሮችን ክፈቱ። አንዱን «ዋና»፣ ሁለተኛውን «የታረመ» በሏቸው። ከካሜራው ወይም ከስካነሩ የወጣው ፋይል «ዋና» ውስጥ ይገባል፤ ከገባ በኋላ አይነካም። የምታርሙት ወደ ሁለተኛው ፎልደር የገለበጣችሁትን ቅጂ ነው። የሚቻል ከሆነ የ«ዋና»ን ፎልደር ሌላ ቅጂ በፍላሽ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ላይ አኑሩ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራልና።

የጄፔግ ፋይል ሌላም ጠባይ አለው። መጠኑን ለማሳነስ ሲል በየጊዜው በተቀመጠ ቁጥር ጥቂት ዝርዝር ይጥላል። አንድን ጄፔግ ከፍቶ፣ አርሞ፣ በላዩ ማስቀመጥን ዐሥር ጊዜ የደጋገመ ሰው የሰነድን ፎቶ ኮፒ ዐሥር ጊዜ እየደጋገመ ፎቶ ኮፒ እንዳደረገ ይቁጠረው።

በምን ፕሮግራም እንሥራ? ለዛሬው ትምህርት ሁለት ይበቁናል፤ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ለስልክ ስናፕሲድ አለ፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ለማረም ኢንተርኔት አይፈልግም። ለኮምፒውተር ጂምፕ አለ። ጂምፕን የጀመሩት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ይማሩ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች፣ ስፔንሰር ኪምባልና ፒተር ማቲስ፣ ሲሆኑ ለሕዝብ የቀረበው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን የምጠቅሰው በዚህ አዳራሽ ያሉ ተማሪዎች ልብ እንዲሉት ነው። ጂምፕ «ሴቭ» ስትሉት ሥራውን በራሱ የፋይል ዓይነት ያስቀምጣል፤ ጄፔግ ለማውጣት «ኤክስፖርት» የሚለውን ለይታችሁ ማዘዝ አለባችሁ። ለጀማሪ አታካች ቢመስልም፣ እኔ በዚያ ሌሊት እንዲህ ያለ አታካች ፕሮግራም ቢኖረኝ ኖሮ የአባቴ ጠባሳ በተረፈ ነበር።

ማቅናትና መከርከም

ቅጂው ከተዘጋጀ በኋላ ቀዳሚው እርማት ዘመም ያለውን ማቅናት ነው። መማሪያ መጻሕፍት «አድማሱን አግድም አድርጉ» ይላሉ። እንደ እኛ ባለ ተዳፋት አገር ግን ይህ ምክር ያሳስታል። ከጣርማበር አፋፍ ቁልቁል ወደ ቆላው ለተነሣ ፎቶግራፍ የተራራው ጫፍ ራሱ ያዘመመ ነው፤ እርሱን አግድም ብናደርግ ቤቱም ሰውም ይጋደላል። ስለዚህ በቁመት የቆመን ነገር ተከተሉ፤ የመብራት ምሰሶን፣ የቤትን ማእዘን፣ የበር መቃንን። እነዚህ ቀጥ ካሉ ሌላው ይስተካከላል።

ቀጥሎ መከርከም ይመጣል። መከርከም ነጥቦችን መጣል ነው። ከ4,000 በ3,000 ምስል ላይ የጎኑንም የቁመቱንም ግማሽ ብታስቀሩ የቀራችሁ 3 ሚሊዮን ነጥብ፣ ማለትም የመጀመሪያው ሩብ ነው። ለኅትመት ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልግ በሒሳብ ማወቅ ይቻላል። ጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች፣ ይኸውም በ2.54 ሳንቲ ሜትር፣ 300 ያህል ነጥቦችን ይፈልጋል። በዚህ መሠረት 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ 354 በ472 ነጥብ ይበቃዋል፤ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ ደግሞ 1,181 በ1,772 ያህል ይፈልጋል። ከዚያ በታች የከረከማችሁት ምስል በስልክ ላይ ያማረ ቢመስልም በወረቀት ላይ ይደበዝዛል።

መከርከም ከነጥብ ሌላ መረጃም ይጥላል። ይህን በአካባቢያችን ምሳሌ ላስረዳ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዚህ በደብረ ሲና ዙሪያ በይዛባ አካባቢ ከባድ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ብዙ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። የሥነ ምድር ተማሪ የሆነ ሰው እንዲህ ባለ ቦታ የተሰነጠቀ መሬት ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሰው ያቆማል ወይም መዶሻ ያስቀምጣል። አሁን ይህን ፎቶግራፍ «ሰውየው ይረብሻል» ብለን ብንከረክመው ምን ይቀራል? ስንጥቁ ሰው የሚውጥ ይሁን እጅ የማያስገባ የማይታወቅ ጥቁር መስመር። ምስሉ አምሯል፤ ማስረጃነቱ ግን አብቅቷል። ስለዚህ ከመከርከማችሁ በፊት «ይህ የምጥለው ነገር ለተመልካቹ ምን ይነግረው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ብርሃን፦ ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት

ሁላችሁም በጣርማበር ዋሻ አልፋችኋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረው ያ ዋሻ የብርሃን ትምህርት ለማስተማር እጅግ የተመቸ ነው። ከውስጥ ሆናችሁ ወደ መውጫው ፎቶግራፍ አንሡ፤ ወይ ግድግዳው ይታይና የውጭው ሰማይ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፣ ወይ ሰማዩ ይታይና ግድግዳው ይጠቁራል። ዓይናችን ሁለቱንም ያያል፤ ካሜራው ግን በአንድ ጊዜ የሚይዘው የብርሃን ስፋት የተወሰነ ነው።

ካሜራ ምን ያህል ብርሃን እንደሚቀበል የሚወስነው በግምት ነው። ግምቱም «በፊቴ ያለው ትዕይንት በአማካይ ግራጫ ነው» የሚል ነው። በአብዛኛው ግምቱ ይሠራል። ነገር ግን በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት፤ ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሕዝብ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለ ቦታ፣ በጠራ ፀሐይ። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ወደ ግራጫ ሊያወርድ ብርሃኑን ይቀንሳል። ከነጩ ጋር አብሮ የሚቀነሰው የሰዎቹ ፊት ነው። ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱም ዓይንና አፍንጫው የማይለይ ጥቁር ይሆናል።

ጀማሪ ይህን ሲያይ ብርሃን የሚጨምረውን መሣሪያ ይዞ እስከ ጥግ ይገፋዋል። ፊቱ ይወጣል፤ ነጠላውም ቀደም ሲል ባሰላነው መንገድ 255 ደርሶ ጥለቱ ሳይቀር ይጠፋል። ትክክለኛው መንገድ የጨለማውን ክፍልና የብሩሁን ክፍል ለየብቻ መያዝ ነው። በስናፕሲድ «ቱን ኢሜጅ» የሚለውን ክፈቱ። በውስጡ «ሻዶውስ» የሚለው የጨለማውን፣ «ሃይላይትስ» የሚለው የብሩሁን ክፍል ይመለከታል። ሻዶውስን ቀስ ብላችሁ ወደ 20 ወይም 30 ከፍ አድርጉ፤ ሃይላይትስን በዚያው መጠን ዝቅ አድርጉ። ፊቱ አሁንም ከጨለመ «ሴሌክቲቭ» በሚለው መሣሪያ ፊቱን ብቻ ነክታችሁ ብርሃኑን ጨምሩ። ነጠላው ሳይነካ ፊቱ ይወጣል።

ሥራችሁን በዓይናችሁ ብቻ አትመኑት፤ የስልክ መስተዋት በፀሐይና በጥላ የተለያየ ያሳያልና። «ሂስቶግራም» የሚባለውን ትንሽ ሥዕል አስከፍቱ። ከግራ ወደ ቀኝ ከ0 እስከ 255 ያሉትን ብርሃኖች በቅደም ተከተል አስቀምጦ፣ በእያንዳንዱ መጠን ስንት ነጥብ እንዳለ በክምር ከፍታ ያሳያል። ክምሩ በቀኙ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ካያችሁት ነጭ ያቃጠላችሁት ክፍል አለ፤ በግራው ላይ ከተለጠፈ በጨለማ የጠፋ አለ ማለት ነው።

ከእርማት ሁሉ የሚሻለው ግን ሲነሣ መጠንቀቅ ነው። ስልካችሁን ስትደግኑ በመስተዋቱ ላይ የሰውየውን ፊት ንኩት፤ ካሜራው ለፊቱ ይለካል። ያልተቀዳ ብርሃንን እርማት ሊፈጥረው አይችልም። በጣም የጨለመን ፊት በግድ ብታወጡት የሚመጣው አሸዋ የመሰለ ቅንጣት ነው።

ቀለምና የቆዳችን ነገር

ብርሃን ቀለም አለው። በቀትር ፀሐይ የተነሣ ነጠላ ነጭ ነው፤ በጥላ ሥር የተነሣው ወደ ሰማያዊ፣ በቢጫ አምፖል ሥር የተነሣው ወደ ብርቱካን ያዘነብላል። በጥላ ሥር ሰማያዊ የሚሆነው፣ ለጥላው የሚደርሰው ብርሃን በአብዛኛው ከሰማዩ የመጣ ስለሆነ ነው። አእምሯችን ይህን ልዩነት ሳናውቀው ያስተካክልልናል፤ ካሜራው ግን ሁልጊዜ አይሳካለትም። «ኋይት ባላንስ» የሚባለው እርማት ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ነጠላ ጠላታችን መሆኑ ቀርቶ ረዳታችን ይሆናል። የጠብታ ምልክት ያለውን መሣሪያ መርጣችሁ ነጭ መሆኑን የምታውቁትን ጨርቅ ንኩ፤ ፕሮግራሙ ያ ነጥብ ቀለም እንዳይኖረው አድርጎ ሌላውን ሁሉ አብሮ ያስተካክላል። ሁለት ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል፤ የነካችሁት ጨርቅ በብርሃን የተቃጠለ አይሁን፤ ከመነሻው ወተት መልክ ወይም ቢጫ ያለው ጋቢም አይሁን።

ስለ ቀለም ስናነሣ ስለ ቆዳ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች «ሸርሊ ካርድ» የሚባል ማመሳከሪያ ያሠራጭ ነበር። በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ስትሆን፣ ለዐሥርተ ዓመታት የቀለም ኅትመት የሚለካው የእርሷ ቆዳ በትክክል መውጣቱን በማየት ነበር። እንደ እኛ ያለ ቆዳ በዚያ ልኬት ውስጥ አልታሰበም። ጠቆር ያለ ሰው ከነጭ ሰው ጋር አንድ ላይ ሲነሣ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ የሚታይበት ፎቶግራፍ የበዛው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ዛሬ ካርዱ የለም፤ ነገር ግን ብዙ ስልኮች «ውበት» በሚል ስም የሚያቀርቡት ማጣሪያ ቆዳን ያነጣል፣ ያለሰልሳል፣ አፍንጫንም ያቀጥናል። የተማሪዎቼን የምረቃ ፎቶግራፎች ስመለከት አንዳንዴ ማን ማን እንደሆነ መለየት ያቅተኛል። ጠይም ፊትን ከጨለማ ማውጣትና ጠይም ፊትን ማንጣት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ካሜራው ያጠፋውን ይመልሳል፤ ሁለተኛው እግዜር የሰጠውን ይነጥቃል። ልዩነቱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ የታረመውን ፎቶግራፍ ከባለቤቱ ፊት አጠገብ በቀን ብርሃን ይዛችሁ አስተያዩት።

እንከን ማጥፋትና አሮጌ ፎቶግራፍ

ፎቶግራፍን መነካካት የኮምፒውተር ዘመን ፈጠራ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ጥንትም የስቱዲዮ ባለሙያዎች ኔጋቲቩን በተሾለ እርሳስ፣ የታተመውን በቀጭን ብሩሽ ያርሙ ነበር። በአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ስማቸው ከፍ ብሎ የሚነሣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው፣ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን አንሥቶ ለቤተ መንግሥት ሠርተዋል። የዛሬው ልዩነት፣ ያን ጊዜ የዓመታት ልምድ ይጠይቅ የነበረው ሥራ ዛሬ በአንድ ጣት መሠራቱ ነው። በስናፕሲድ «ሂሊንግ» የሚባለው መሣሪያ የነካችሁትን ነጥብ ዙሪያውን ባለው ነገር ይሸፍነዋል። ፕሮግራሙ ጠባሳን ከስንጥቅ አይለይም። እኔም አልለየሁም።

ስለዚህ አሮጌ ፎቶግራፍ ለምታድኑ ሰዎች ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ወረቀቱን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከአቧራ አጽዱ፤ ውኃም አልኮልም አታስነኩት። ትንሽ ጉርድ ከሆነ በስካነር በኢንች 600 ነጥብ አድርጋችሁ ስካን አድርጉ። ስካነር ከሌለ በመስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አኑራችሁ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሡት።

ሁለተኛ፣ ማረም ከመጀመራችሁ በፊት ሰውየውን በሚያውቅ ሰው ፊት ምስሉን አሳድጋችሁ ክፈቱ። ዕድሜ የጠገቡ እናት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ይሁኑ። «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ እያንዳንዱን መስመር ጠይቁ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ከወረቀቱ የመጣውን ጉዳት ብቻ አርሙ። እጥፋት ብዙውን ጊዜ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሄዳል፤ ጠባሳ ግን ፊት ላይ ተጀምሮ ፊት ላይ ያልቃል። ያጠራጠራችሁን ተዉት።

አራተኛ፣ በፋይሉ ስም ላይ ማን እንደሆኑ፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተነሡ ጻፉ። ስም የሌለው ፎቶግራፍ በሁለት ትውልድ ውስጥ እንግዳ ሰው ይሆናል።

ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ካሉት ሀብቶች አንዱ የፎቶግራፍ ክምችቱ ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራም ከየቤቱ አልበም የተሰበሰቡ የቀድሞ ዘመን ፎቶግራፎችን በ2018 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። የሰርግ፣ የትምህርት ቤትና የጎረቤት ፎቶግራፎች የአንድ ከተማ ታሪክ ሆነው ተገኝተዋል። በደብረ ሲናና በአንኮበር፣ በመንዝና በይፋት ቤቶች ሣጥን ውስጥ ያለውም ከዚያ አያንስም።

ማስቀመጥና መላክ

ብዙ ድካም በመጨረሻው ደቂቃ ይበላሻል። በቴሌግራም ፎቶግራፍ በተለመደው መንገድ ሲላክ ምስሉ ይጨመቃል፣ ያንሳልም። የተቀበለው ሰው ያንን አትሞ «የእናንተ ፎቶ ደብዛዛ ነው» ይላችኋል። ለማተሚያ ቤት ወይም ለማኅደር የምትልኩ ከሆነ «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩ፤ ምስሉ ሳይነካ ይደርሳል። ጥራት የሚጨምረውን፣ «ሻርፕን» የሚባለውን እርማት ደግሞ በመጨረሻ፣ በጥቂቱ ብቻ ተጠቀሙ። በቅንድብና በፀጉር ዙሪያ ነጭ መስመር መታየት ከጀመረ አልፋችኋል።

ወሰኑ የት ነው?

«ታዲያ የቱ እርማት ይፈቀዳል፣ የቱ ይከለከላል?» ትሉኝ ይሆናል። በዓለም የታወቁ ሁለት ጉዳዮችን ላንሣ። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በየካቲት 1982 እ.ኤ.አ. እትሙ ሽፋን ላይ፣ የጊዛን ፒራሚዶች ከሽፋኑ ቁመት ጋር እንዲስማሙ በኮምፒውተር አቀራርቦ አወጣቸው። በመጽሔቱ ላይ የቀረበው ወቀሳ ዛሬም በየጋዜጠኝነት ክፍሉ ይጠቀሳል። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ከመጨረሻው በፊት ወዳለው ዙር ከቀረቡት ሥራዎች 20 ከመቶ ያህሉን ከልክ ባለፈ እርማት ምክንያት ውድቅ አድርጓል። የውድድሩ ዳኞች ከፎቶግራፍ አንሺዎቹ የጠየቁት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዋናውን ፋይል ነው።

በዚሁ ውድድር በ2020 እ.ኤ.አ. በድንገተኛ ዜና የፎቶ ታሪክ ዘርፍ አንደኛ ሽልማት ያገኘው ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ አየነ ነው። ሥራው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 አደጋ ቤተሰቦቻቸውን ያጡ ሰዎችን ሐዘን ያሳያል። ያን ሐዘን የምናምነው ምስሉ በእውነት በዚያ የነበረውን እንደሚያሳይ ስለምናምን ነው። ያ እምነት ቢነሣ የሚቀረው ጥሩ ቅንብር ብቻ ነው።

የእኔ ደንብ ይህ ነው። ብርሃኑ ወይም ካሜራው ያዛባውን መመለስ ይፈቀዳል፤ ለማንም መንገር አያስፈልግም። የወረቀትን ጉዳት መጠገን ይፈቀዳል፤ ነገር ግን «ታርሟል» ተብሎ ይጻፍ፣ ዋናውም ይቀመጥ። በቦታው የነበረን ማጥፋት ወይም ያልነበረን መጨመር ለማስታወቂያና ለጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ለዜና፣ ለመመረቂያ ጽሑፍና ለሰው መታሰቢያ ግን አይሆንም። በመመረቂያ ጽሑፋችሁ የምታስገቡት የመስክም ሆነ የቤተ ሙከራ ፎቶግራፍ ላይ ብርሃን ብታስተካክሉ በምስሉ ሙሉ አካል ላይ እኩል ይሁን፤ ያደረጋችሁትንም ከምስሉ ሥር ጻፉ።

ከተሰብሳቢዎች ከቀረቡ ጥያቄዎች መካከል

ጥያቄ፦ አዳዲስ ስልኮች ከፎቶግራፍ ላይ ሰው እንኳ የሚያጠፋ መሣሪያ አላቸው። ይህንስ እንዴት ያዩታል?

መልስ፦ መሣሪያው የጠፋውን ሰው ቦታ የሚሞላው ከኋላው ምን እንደነበረ አውቆ አይደለም፤ ገምቶ ነው። የግምቱን ውጤት እንደ እውነት ካልቆጠርነው ችግር የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የትኛው ግድግዳ የነበረ፣ የትኛው የተገመተ እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ዋናው ቅጂ ካለ ግን ይታወቃል።

ጥያቄ፦ እናትዎ ፍሬሙን ምን አደረጉት?

መልስ፦ ግድግዳ ላይ አልሰቀሉትም፤ አልጣሉትምም። እኅቴ ጠባሳው የት እንደነበረና ምን ያህል እንደነበረ እናቴን ጠይቀው፣ በፍሬሙ ጀርባ በእስክሪፕቶ ጽፈውልኛል። ጠባሳውን በኮምፒውተር መልሼ ልሣለው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እርሱም ሌላ ግምት ነውና ተውሁት። ጽሑፉን ግን ፎቶግራፍ አንሥቼዋለሁ፤ «ዋና» በሚለው ፎልደር ውስጥ ነው።

ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት የተግባር ልምምድ አለን። የምትመጡ ሁሉ አንድ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ ከተቻለም ስለ ፎቶግራፉ የሚያውቅ አንድ ታላቅ ሰው ይዛችሁ ኑ።